አባቴን ለልብ ቀዶ ሕክምና ፋሪዳባድ ልወስደው ነው፤ የት ብንከራይ ይሻላል?

ሰናይት ከሐዋሳ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሕንድ አገር ለሕክምና የሄዳችሁ ወይም የኖራችሁ እባካችሁ እርዱኝ። አባዬ 68 ዓመቱ ነው። የልብ ቫልቩ መቀየር አለበት ተብሏል። ቀጠሮ ያገኘነው ፋሪዳባድ ከሚባል ከተማ፣ ደልሂ አጠገብ ነው። ጥር መጀመሪያ ላይ እንሄዳለን፤ ጥምቀትን እዚያው ነን። ሐኪሙ ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት እንድንቆይ ነግሮናል። እኔና እናቴ ነን አስታማሚዎቹ።

ግራ የገባኝ ቤቱ ነው። ጉዳዩን የያዘልን ደላላ «ፋሪዳባድ ማለት ደልሂ ማለት ነው፣ የትም ብትከራዩ አንድ ነው» ይላል። ካርታ ላይ ሳየው ግን አንድ አይመስልም። ሆስፒታሉ ግሬተር ፋሪዳባድ በሚባለው በኩል ነው። ደልሂ ውስጥ ብንከራይ ይሻላል ወይስ እዚያው? ምግቡስ? አባዬ ታሞም ረቡዕና ዓርብን አልፈታም ብሏል። ምን ይዘን እንሂድ? ደግሞ አባዬ ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር ስለሆነ «የምሄድበትን አገር ሳላውቅ አልሄድም» እያለኝ ነው። ስለ ከተማው የሚያውቅ ካለ ለእሱም ጻፉለት።

ሙሉ (ፋሪዳባድ የተማርኩ)

እህቴ ሰናይት፣ አባትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ደላላው የነገረሽ ልክ አይደለም። ፋሪዳባድ ከደልሂ በስተደቡብ ያለ ራሱን የቻለ ከተማ ነው። ክልሉም ሌላ ነው፣ ሃርያና ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ቆጠራ 1.4 ሚሊዮን ሕዝብ ነበረው። ስለዚህ «ደልሂ አጠገብ ያለች ትንሽ ከተማ» ብለሽ አታስቢው።

ቤት ከመከራየትሽ በፊት አንድ ነገር እወቂ። ከተማውን አንድ ቦይ ለሁለት ይከፍለዋል። የአግራ ቦይ ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1874 የተከፈተ የመስኖ ቦይ ነው። ከቦዩ በምዕራብ አሮጌው ከተማ፣ ገበያው፣ ፋብሪካዎቹና ሜትሮው (የከተማ ባቡሩ) አሉ። ከቦዩ ማዶ ደግሞ አዳዲስ ፎቆች የበዙበት ሰፈር አለ። ሰዎቹ «ነሃርፓር» ይሉታል፤ ትርጉሙም «ከቦዩ ማዶ» ማለት ነው። ግሬተር ፋሪዳባድ የሚባለው እሱ ነው። ሜትሮ ቦዩን አይሻገርም። ድልድዮቹ ጠዋትና ማታ በመኪና ይጨናነቃሉ። ሆስፒታልሽ ማዶ ሆኖ ቤትሽ ወዲህ ከሆነ፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገለትን ሰው በየቀጠሮው በዚያ ጭንቅንቅ ልታመላልሺው ነው።

የእኔ ምክር፦ ነሃርፓር፣ ከሆስፒታሉ አጠገብ ተከራዪ። ፎቆቹ ሊፍትና ጥበቃ አላቸው። ሊፍቱ መብራት ሲጠፋም የሚሠራ መሆኑን ጠይቂ። ጄኔሬተሩን እነሱ «ፓወር ባክአፕ» ይሉታል።

ብሩክ

እኔ ትንሽ እለያለሁ። አጎቴን ይዤ የሄድኩ ጊዜ ደልሂ ላጅፓት ነጋር ነው የተከራየነው። ሰፈሩ ለሕክምና የመጣ እንግዳ የለመደ ነው። በተለይ አፍጋኖች ብዙ ናቸው፤ ምግብ ቤቱም ፋርማሲውም እግር በእግር ነው። ከዚያ በሜትሮ ቫዮሌት መስመር ቀጥታ ፋሪዳባድ ትደርሻለሽ። መስመሩ እ.ኤ.አ. በ2015 ፋሪዳባድ ውስጥ ያለው ኤስኮርትስ ሙጄሳር ጣቢያ ደረሰ፣ በ2018 ደግሞ ባላብጋር ገባ። ፋሪዳባድ ለሦስት ሰዎች ለአንድ ወር ተኩል ትንሽ ብቸኝነት አለው። እናትሽንም አስቢያቸው።

ሙሉ (ፋሪዳባድ የተማርኩ)

ብሩክ፣ ያልከው ለምርመራ ብቻ ለሄደ ሰው እውነት ነው። ለቫልቭ ቀዶ ሕክምና ግን አልስማማም። ሌሊት ትኩሳት ቢነሳባቸው ከላጅፓት ነጋር ተነስቶ ነሃርፓር መድረስ ቀላል አይደለም። ሰናይት፣ እናትሽ ሰው መሀል መሆን ካሻቸው አንድ ቀን በሜትሮ ይዘሻቸው ሂጂ። በሜትሮው ጉዞ አቅጣጫ የመጀመሪያው ፉርጎ ለሴቶች ብቻ ነው፣ እዚያ ግቡ። ጣቢያዎቹ ሊፍት አላቸው።

ሲስተር ሀና

ነርስ ነኝ፣ ሁለት ጊዜ ታካሚ ይዤ ሄጃለሁ። በቅደም ተከተል ሳይሆን ትዝ እንዳለኝ ልጻፍልሽ።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ! ይሄን በጣም አደራ እልሻለሁ። ከኢትዮጵያ ሕንድ የሚገባ ሰው ካርዱን ይጠየቃል። ክትባቱ ከመግባታችሁ ቢያንስ 10 ቀን በፊት የተወሰደ መሆን አለበት። ካልሆነ እስከ 6 ቀን ለይተው ሊያቆዩዋችሁ ይችላሉ። አባትሽ ግን ልባቸውን የታመሙ በዕድሜ የገፉ ሰው ስለሆኑ ክትባቱን ዝም ብለሽ አታስወጊ፤ መጀመሪያ የልብ ሐኪማቸውን አማክሪ። ሐኪሙ አይወስዱም ካለ ማስረጃውን በጽሑፍ ተቀበዪና ቪዛ ስትጠይቂ ኤምባሲውን ጠይቂ። ነገ ዛሬ አትበዪው።

ቪዛው ለእሳቸው የሕክምና፣ ለእናንተ የአስታማሚ መሆን አለበት። ለአንድ ታካሚ እስከ ሁለት አስታማሚ የሥጋ ዘመድ ይፈቀዳል፣ ስለዚህ እናንተ ልክ ናችሁ። በቱሪስት ቪዛ ሂዱ የሚላችሁን አትስሙ።

ቤት ስትከራዩ ባለቤቱ «ፎርም ሲ» መሙላት አለበት። የውጭ ዜጋ ያሳደረ ሁሉ በ24 ሰዓት ውስጥ በኢንተርኔት ለኢሚግሬሽን ያሳውቃል። «አያስፈልግም» የሚል አከራይ ከገጠመሽ ሌላ ቤት ፈልጊ። ኋላ ቪዛ ማራዘም ቢያስፈልግ የምትቸገሪው አንቺ ነሽ።

ገንዘብ፦ በእጅ የያዛችሁት የዶላር ኖት ከ5000 በላይ ከሆነ ስትገቡ አስመዝግቡ። ሱቁም ሪክሾውም በስልክ ነው የሚቀበለው። ያ ግን ብዙውን ጊዜ የሕንድ ባንክ ሒሳብ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ዝርዝር ሩፒ ሁልጊዜ ያዢ።

ከሆስፒታሉ የዋጋ ግምት ስትቀበዪ «ጥቅሉ ውስጥ ምን አለ?» ብለሽ በጽሑፍ አስመልሺ። ቫልቩ ራሱ አለበት? ስንት ቀን አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል)? ስንት ቀን መኝታ? ቀኑ ሲያልፍ በቀን ስንት? እኔ አንዲት ታካሚ ይዤ በሄድኩበት ሆስፒታል ይሄን ስላልጠየቅን፣ በመጨረሻው ቀን ያላሰብነው ሒሳብ መጥቶ ስንሯሯጥ ዋልን። ምስኪኗ ልብሷን ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ እስከ ማታ ጠበቀች። አንቺ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቂ። ሕንድ ከእኛ በሁለት ሰዓት ተኩል ይቀድማል። በዚያ ላይ አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው። «10 ሰዓት ኑ» ካሉሽ በእኛ ረፋዱ 4 ሰዓት ማለት ነው። በዚህ ቀጠሮ ያለፈው ሰው አውቃለሁ።

እማማ ዘነበች

ልጄ፣ አባትሽን ድንግል ትማርልሽ። ባለቤቴን ይዤ ሦስት ወር ደልሂ አካባቢ ተቀምጫለሁ። ስለ ምግቡ ልንገርሽ።

ጾሙን በተመለከተ፣ ሕንዶች «ቬጅ» ሲሉሽ የጾም ማለት እንዳይመስልሽ። ሥጋ የለውም ማለት ብቻ ነው። ወተት፣ ቅቤ፣ እርጎና ፓኒር የሚሉት አይባቸው ሁሉም ውስጥ ይገባል። የታሸገ ምግብ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ታያለሽ፤ እሱም ሥጋ የለውም እንጂ ወተት የለውም ማለት አይደለም። ጎረቤት ቤት የጋበዙኝን ምስር በዓርብ በልቼ ቅቤ እንዳለበት ያወቅሁት ኋላ ነው። «ያለ ጊ፣ ያለ ዱድ» በያቸው። ጊ ቅቤ ነው፣ ዱድ ወተት ነው። ለልባቸው ደግሞ ጨው ስለሚከለከሉ «ናመክ ከም» በይ፤ ጨው ይቀነስ ማለት ነው።

ደግነቱ ራስሽ ማብሰል ትችያለሽ። ምስሩ ማሱር ይባላል። የሽምብራ ዱቄታቸው በሰን ይባላል፣ ሽሮ ሲያልቅብሽ በበርበሬ አስማሚው። አብሽ ሜቲ ነው፣ ጥቁር አዝሙድ ካሎንጂ ነው። የጤፍ ዱቄት ሲያልቅብሽ ራጊ ፈልጊ፤ ራጊ የኛ ዳጉሳ ነው። እኔ በራጊና ትንሽ ሩዝ እንጀራ ጋግሬ ባለቤቴን አብልቻለሁ። ዓይኑ ብዙም አይወጣም፣ ግን ሆድ ይይዛል።

አንድ ነገር አደራ፤ ቋንጣ ይዘሽ እንዳትሄጂ። ሃርያና ውስጥ ላም ማረድም የበሬ ሥጋ መሸጥም በሕግ ክልክል ነው። ለእነሱ የሃይማኖት ጉዳይ ነው፣ ልባቸውን ያሳዝናል። ጫትም ያስይዛል፤ ዘመድ «ለእንትና አድርሱልኝ» ቢል እንዳትቀበሉ። መንገድ ላይ «ቻት» ብለው የሚሸጡት ሌላ ነገር ነው፤ ድንችና ሽምብራ ነው።

ሰናይት ከሐዋሳ

እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቋንጣው ተዘጋጅቶ ነበር፣ ለእህቴ ተውኩት። ሲስተር፣ ስለ ቢጫ ወባው ነገ ሐኪሙን አነጋግራለሁ፤ ማንም አልነገረንም ነበር። ቤቱንም ነሃርፓር ወስኛለሁ። ብርዱስ? ሕንድ ሙቀት ነው ብዬ ቀላል ልብስ ነበር ያሰብኩት።

ሙሉ (ፋሪዳባድ የተማርኩ)

አይደለም! ጥር ላይ ብርድ ነው። ሌሊት እስከ 7 ዲግሪ ይወርዳል። ቤቶቹ ለሙቀት የተሠሩ ናቸው፣ ወለሉ ድንጋይ ነው፣ ማሞቂያ የለም። ክፍሉ ሂተር፣ ሻወሩ «ጋይዘር» (የውሃ ማሞቂያ) እንዳለው ጠይቂ። ጉም አለ፤ ጠዋት የሚያርፍ በረራ ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ በደረሳችሁ ቀን ቀጠሮ አታስይዢ።

ከብርዱ የሚብሰው አየሩ ነው። የብርዱ ወቅት ሲገባ ጭሱ ከጉሙ ጋር ይተኛል። ለልብ ሕመምተኛ ቀላል አይደለም። ኤን 95 ማስክ ይዛችሁ ሂዱ። ማለዳና ማታ እግር ማፍታታት ይቅርባቸው፤ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ይሻላል። የአየር ማጣሪያ ያለበት ክፍል ካገኘሽ ጥቂት ብትጨምሪም ያዋጣሻል።

አሁን ለአባትሽ። መምህር፣ ከተማው የተቆረቆረው እ.ኤ.አ. በ1607 ነው። የንጉሥ ጃሃንጊር ግምጃ ቤት ኃላፊ የነበሩት ሼክ ፋሪድ ናቸው የመሠረቱት፣ ስሙም ከእሳቸው ነው። የዛሬውን ከተማ የሠሩት ግን ስደተኞች ናቸው። በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲከፈሉ ከሰሜን ምዕራብ ድንበር፣ በተለይ ከባኑ አካባቢ የተፈናቀሉ ሰዎች እዚህ ሰፈሩ። እንደ ካማላዴቪ ቻቶፓዲያይ ያሉ ሰዎች አግዘዋቸው፣ በማኅበር ተደራጅተው ቤታቸውን በገዛ እጃቸው ሠሩ። ያ ሰፈር ዛሬ ኤን.አይ.ቲ. (በእንግሊዝኛ «አዲሱ የኢንዱስትሪ ከተማ» ለማለት) ይባላል። ሆስፒታል ሲሠራላቸው የመሪያቸውን የባድሻህ ካንን ስም ሰጡት። አሁን በይፋ ስሙ ተቀይሯል፣ ሰው ግን ዛሬም «ቢኬ» ይለዋል። እኔ ኤን.አይ.ቲ. ገበያ ስገባ ሁሌ እሱ ነበር ትዝ የሚለኝ። አገራቸውን አጥተው የመጡ ሰዎች እንዲህ ያለ ከተማ መሥራታቸው ይገርመኛል።

ከዚያ ፋብሪካዎች መጡ። ትራክተር፣ ጎማ፣ ጫማ። አንዱ የሜትሮ ጣቢያ ባታ ቾክ ይባላል፣ እኛም ከምናውቀው ከባታ ጫማ የመጣ ስም ነው። በስተደቡብ ያለው የመጨረሻው ጣቢያ ደግሞ ራጃ ናሃር ሲንግ ነው። የባላብጋር ንጉሥ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1857 እንግሊዞችን በመቃወማቸው በ1858 ደልሂ ላይ ተሰቀሉ።

ሰናይት፣ ሲድኑ ሱራጅኩንድ ውሰጃቸው። በ10ኛው ክፍለ ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት ባለ ድንጋይ ደረጃ ኩሬ ነው፤ ስሙ «የፀሐይ ኩሬ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በየዓመቱ በፌብሩዋሪ አካባቢ ትልቅ የእጅ ሥራ ባዛር አለው። እናትሽ ይወዱታል። ለአባትሽ ግን ሐኪሙ ካልፈቀደ ግፊያው ይቅር።

ሲስተር ሀና

ሌላ ትዝ ያለኝ፦ ብዙዎቹ ነርሶች ከደቡብ ሕንድ፣ ከኬረላ ናቸው። በጃንሆይ ጊዜ እኛ አገር ካስተማሩት ሕንዳውያን ብዙዎቹ የመጡት ከዚያው ነው። የኬረላ ማላንካራ ኦርቶዶክስ የእኛ እህት ቤተ ክርስቲያን ናት። ደልሂ ሃውዝ ካስ የቅድስት ማርያም ካቴድራል አላቸው። ጥምቀትን ጭር ብሏችሁ እንዳትውሉ ብዬ ነው።

ሰናይት ከሐዋሳ

ለአባዬ ሁሉንም አነበብኩለት። ኬረላ ስል ተነስቶ ተቀመጠ። ይርጋለም ሲማር ሒሳብ ያስተማሩት የኬረላ ሰው ነበሩ ለካ፤ ስማቸውን እስካሁን ያስታውሳል። አሁን ነርሶቹን ስለ አስተማሪው ሊጠይቃቸው እየተዘጋጀ ነው። ክፍሉን ከነሂተሩ ይዣለሁ፣ አከራዩም ፎርም ሲ እንደሚሞላ በጽሑፍ ልኮልኛል። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ከኤርፖርት በምን እንሂድ?

ብሩክ

አባትሽን ይዘሽ በሜትሮ አትሞክሪው፣ መስመር ያቀያይራል። ሆስፒታሉ መኪና ይልክ እንደሆነ ጠይቂ፣ ብዙዎቹ ይልካሉ። ካልሆነ ኤርፖርቱ ውስጥ ካለው የቅድሚያ ክፍያ ታክሲ ያዢ። እንደ መንገዱ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። የቤቱን አድራሻ ከነሴክተር ቁጥሩ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ያዢ።

እማማ ዘነበች

ጋቢውን ሻንጣ ውስጥ እንዳታስገቢው ልጄ። በእጅሽ ያዢው፣ ከአውሮፕላን ሲወርዱ ይደርቡት።