የልጄ አንድ አይን ዝም ብሎ ያነባል፣ እንዴት ነው የሚታሸው?

የበኩሬ እናት፦
ሰላም እናቶች። ልጄ 3 ወር ሊሞላው ነው። በተወለደ በሁለተኛ ሳምንቱ ግራ አይኑ ማንባት ጀመረ፣ ጠዋት ደግሞ በአይናር ተጣብቆ አልከፈት ይላል። ነጩ ግን አልቀላም። ሐኪሙ «የእንባ መውረጃው ተዘግቶ ነው፣ እያሸሽ ጠብቂ» ብሎ ሸኘኝ፣ ወረፋ ስለነበር አላሳየኝም። የአይኑን ቆብ ሳሽለት ያለቅሳል፣ እኔም አብሬው። አማቴ የጡት ወተት ጠብ አድርጊበት ይሉኛል። ያያችሁ ንገሩኝ እስቲ።

የሁለት ልጆች እናት፦
አይዞሽ እህቴ፣ የኔም ሁለተኛዋ እንዲህ ነበረች። ቆቡን አይደለም የምታሺው! አይንና አፍንጫ የሚገናኙበት ጥግ ላይ ነው፣ የእንባው ከረጢት ያለው እዚያ ነው። ጥፍርሽን ቁረጪ፣ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። በትንሿ ጣትሽ ጥጉን ጫን አድርገሽ፣ ሳትለቂ በአፍንጫው ጎን ወደ ታች ውረጂ። በአንዴ ከ5 እስከ 10 ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። መዳበስ ብቻ አይበቃም፣ ጥፍርሽ ነጣ እስኪል ተጫኚ። በጥጉ ቢጫ ነገር ብቅ ካለ አትደንግጪ፣ ጥረጊው። እኔ ጡት ስትጠባ ነበር የማሻት፣ ልብ እንኳን አትለውም። በ8 ወሯ አንድ ጠዋት አይኗ ደርቆ አገኘሁት።

ነርስ ነኝ፦
ትክክል ነው። ቱቦው አፍንጫ ውስጥ የሚከፈትበት ጫፍ ላይ ስስ ሽፋን አለች፣ ሲወለዱ ካልተከፈተች እንባው መውረጃ ያጣል። እሽቱ በግፊት ይከፍታታል። አብዛኞቹ፣ ከ10 ወደ 9 የሚጠጉት፣ ዓመት ሳይሞላቸው ይድናሉ። ወተቱን ግን ተዪው፣ ጀርም ሊያስገባ ይችላል። አይናሩን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ጥረጊ፣ ከአፍንጫ ወደ ውጭ፣ አንዱን ጥጥ አንዴ ብቻ። ቴትራሳይክሊን በራስሽ አትግዢ፣ አይናሩን ቢቀንስም ቱቦውን አይከፍትም። ጥጉ አብጦ ከቀላ ወይም ካተኮሰው ማሸቱን አቁመሽ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት። ብርሃን ከሸሸ ወይም ጥቁሩ ክፍል ከደፈረሰም እንደዚያው፣ ያ ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል።

አባት ነኝ፦
የኛ ዓመት አልፎትም አልከፈት ብሎ በማደንዘዣ በቀጭን ሽቦ ከፈቱለት። ብዙም አልቆየ፣ በዚያው ቀን ቤት ገባን። ከአሁኑ አትጨነቂ።

የበኩሬ እናት፦
ተባረኩ! ትናንት እየጠባ ሞከርኩት፣ አላለቀሰም። ለአማቴም አሳየኋቸው። ዛሬ ከሥራ ስገባ ጥፍራቸውን ቆርጠው ጠበቁኝ።