በዳላርና ገጠር ያለ የእንግዳ ማረፊያ፦ ክፍሎቹ ቀላል ሆነው ሞቅ እንዲሉ ምን ይደረግ?

ሰናይት_ዳላርና
ሰላም ለሁላችሁ። ዳላርና፣ ስዊድን ውስጥ በ1920ዎቹ የተሠራ የእንጨት ቤት አለን፤ አራት ክፍሎቹን ለእንግዳ እያዘጋጀን ነው። የቀድሞው ባለቤት ግድግዳና ጣሪያውን በድፍን ነጭ ቀብቶ፣ የጥድ ወለሉን በሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ ሸፍኖታል። ዕቃው ጥቂት ነው፣ ቀላልም ነው፤ ሲገቡበት ግን የሕክምና ክፍል ይመስላል። የምፈልገው ሰንድቦርን ያለው የስዊድናዊው ሰዓሊ የካርል ላርሶን ቤት ዓይነት ስሜት ነው። ለአዲስ ዕቃ የሚተርፍ ገንዘብ ስለሌለን ከየት መጀመር ይሻላል?

አናጺ_ኡፕሳላ
ከወለሉ ጀምሪ እህቴ። ያ ቫርኒሽ እስካለ ድረስ የቀረው ሥራ ዋጋ የለውም፤ ብርሃኑን መልሶ ዓይን ውስጥ ይወረውራል፣ እንጨቱንም ብርቱካናማ ያደርገዋል።

መጀመሪያ የምስማሮቹን ራስ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ምቺ፤ አለዚያ የመፈተጊያውን ወረቀት ይቀዱታል። በ40 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቫርኒሹን አንሺ፣ ከዚያ በ80፣ በመጨረሻ በ120። ከ120 በላይ አትሂጂ፤ በጣም ከለሰለሰ እንጨቱ ሳሙናውን አይጠጣም። አቧራውን በደንብ ካስወገድሽ በኋላ እዚህ ሉት የሚሉትን የእንጨት ማንጫ በጣውላው ርዝመት፣ ከግድግዳ ወደ በር እየሄድሽ ቀቢ። ነጩ ዱቄት ስለሚዘቅጥ ቶሎ ቶሎ አማስዪው፤ ካላማሰልሽው ወለሉ ዥንጉርጉር ይሆናል። ቆዳና ዓይን ያቃጥላልና ጓንትና መነጽር አድርጊ። የፕላስቲክ ባልዲ ተጠቀሚ፤ አሉሚኒየምን ይበላል።

ካደረ በኋላ በነጭ የወለል ሳሙና እጠቢው፦ 2 ዴሲ ሊትር የሳሙና ቅርፊት በ5 ሊትር ሙቅ ውሃ፣ ሦስት ጊዜ፣ በየመካከሉ እያደረቅሽ። ኦክ በሚባለው እንጨት ላይ ግን ይህንን አትሞክሪ፤ ሉቱ ያጠቁረዋል። ጥድ ከብርሃን የተነሳ መቢጨቱ አይቀርም፤ ሉቱ ያዘገየዋል እንጂ አያስቆመውም።

ለወደፊት ጽዳት ሁለት ባልዲ ያዢ፤ አንዱ የሳሙና ውሃ፣ ሌላው መወልወያውን ማጠቢያ። ውሃ ከበዛ የጣውላው ጠርዝ ይነሳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቡናና ቀይ ወይን ቶሎ ይሰርጋሉ፤ ወዲያው በሳሙና ማሸት ነው።

ቀለም_ቀቢ
የካርል ላርሶን ቤት እኮ ነጭ አይደለም። የምግብ ክፍሉ ቀይና አረንጓዴ ነው፤ የሚደነቁት ጨርቆችም የሚስቱ የካሪን ሥራ ናቸው። ስለዚህ ነጩን አጥፊው አልልም፤ ለስለስ አድርጊው። ድፍን ነጭ በሰሜን በኩል መስኮት ባለው ክፍል ሰማያዊ ግራጫ ይሆናል። ትንሽ ቢጫ ያለበት፣ ኤንሲኤስ በሚባለው የቀለም ካርታ ኤስ 0502-ዋይ የተባለው፣ ያለ አብረቅራቂነት ይበቃል። በአንድ ክፍል የታችኛውን የጣውላ ግድግዳ ብቻ ደብዛዛ አረንጓዴ አድርጊው።

በጥድ ጣውላ ላይ ያሉትን አንጓዎች አስቀድመሽ ሼላክ በሚባለው ቅብ ዝጊ። አለዚያ የእንጨቱ ሙጫ ነጩን አልፎ ቢጫ ክብ ሆኖ ይወጣል።

ባዶ እንጨት ለሆኑ በሮችና መስኮቶች የተልባ ዘይት ቀለም የሚያህል የለም። ሦስት ቅብ ይበቃል፤ የመጀመሪያውን በጥቂት አኳራጅ አቅጥኚው። እንጨቱ ላይ እስኪሳሳ ድረስ በብሩሽ ጎትቺው፤ ወፍራም ከተቀባ ላዩ ደርቆ ውስጡ ርጥብ ይቀርና ይሸበሸባል። አየርና ብርሃን ስለሚፈልግ በእያንዳንዱ ቅብ መካከል ቢያንስ አንድ ቀን ጠብቂ። ብርሃን በማያገኝ ጓዳ ነጩ ይቢጫል።

ከሁሉ በላይ፣ ዘይቱ የነካውን ጨርቅ ጠቅልለሽ አትጣዪ። ዘይቱ ሲደርቅ ይሞቃል፣ ጨርቁም በራሱ ይቀጣጠላል። ውሃ ውስጥ ንከሪው።

ማርታ_ዮተቦሪ
ሞቅ የሚያደርገው ግማሹ መብራት ነው። የጣሪያውን መብራት እንዳለ ተዪውና በየክፍሉ ሦስት ዝቅ ያሉ ብርሃኖች አድርጊ፤ አልጋ አጠገብ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ መስኮቱ ላይ። አምፖሎቹ ሁሉ 2700 ኬልቪን፣ ማለት ቢጫማ ሞቅ ያለ ብርሃን፣ ይሁኑ፤ አንዱ ነጣ ያለው 4000 ከሆነ ክፍሉን ያበላሸዋል። ከምግብ ጠረጴዛ በላይ የሚንጠለጠለው ከጠረጴዛው ገጽ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፤ ከፍ ካለ አምፖሉ የተቀመጠውን ሰው ዓይን ይወጋል።

አልጋ ላይ እዚህ እንደሚለመደው ለእያንዳንዱ እንግዳ የራሱ ኮምፎርት፣ 150 በ210። መጋረጃው የተልባ እግር ከሆነ ሳትቆርጪ በፊት እጠቢው፤ በመጀመሪያው እጥበት ስለሚያጥር ከሚያስፈልግሽ 10 በመቶ ጨምረሽ ግዢ። ከአሮጌ ጨርቅ ቁራጭ የተሸመነውን ረጅም ምንጣፍ በየአካባቢው ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ታገኚዋለሽ፤ ከሥሩ የማያንሸራትት መረብ አንጥፊ።

ሰናይት_ዳላርና
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የውጪውን ግድግዳ ፋሉ ቀይ በሚባለው የስዊድን ባህላዊ ቀለም ልናድስ ነው። ያልተላገ ሻካራ ጣውላ ነው፣ አሮጌው ቀይ ዱቄት እየሆነ ይረግፋል።

ቀለም_ቀቢ
ዱቄት ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው፤ የፕላስቲክ ቀለም አልተቀባበትም ማለት ነው፤ ቢሆን ኖሮ ይላጥ ነበር። የረገፈውን በጠንካራ ብሩሽ አራግፊ፤ በግፊት ውሃ አትጠቢ፣ ጣውላውን ያራስሰዋል። ቀለሙ ከፋሉን የመዳብ ማዕድን የወጣ አፈር፣ ውሃ፣ የስንዴ ዱቄት፣ የብረት ሰልፌትና ትንሽ የተልባ ዘይት ነው፤ እንጨቱ ውስጥ ያለውን እርጥበት አፍኖ አይዘውም። ማዕድኑ በ1992 ተዘግቷል፣ ቀለሙ ግን አሁንም ከዚያው ይመረታል።

በጠራራ ፀሐይ አትቀቢ፤ ሥራ ላይ እያለሽም ከሥር እያማሰልሽ ቆዪ። በሻካራ ጣውላ ላይ 1 ሊትር 3 ወይም 4 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። ከደረቀ በኋላም ልብስ ስለሚነካ የእንግዶችን አግዳሚ ወንበር ከግድግዳው አርቂው። የማዕዘን ጣውላዎቹን በነጭ የተልባ ዘይት ቀለም አድርጊ፣ ግን ቀዩን ከጨረስሽ በኋላ፤ ቀዩ ሲቀባ ይረጫልና።