ሁለት ልጆችን በአንድ ጊዜ ማዘል፦ አራተኛ ፎቅ፣ ያለ ሊፍት

ጥያቄ (የሁለት ልጆች እናት፣ አዲስ አበባ)

የምኖረው ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የመጀመሪያ ልጄ 22 ወሩ ሲሆን 11 ኪሎ ይመዝናል፤ ታናሽ እህቱ 5 ኪሎ ናት፣ የ10 ሳምንት ክትባቷም የፊታችን ሐሙስ ነው። ባለቤቴ ክፍለ ሀገር ስለሚሠራ ሁለቱንም ይዤ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለብኝ። በእጄ ያሉት እናቴ እኔን ያዘለችበት አንቀልባና እህቴ ከውጭ የላከችልኝ ባለ መቆለፊያ ማዘያ ናቸው። ትናንት ሕፃኗን በማዘያው ደረቴ ላይ ካሰርሁ በኋላ ትልቁን በአንቀልባ ለማዘል ጎንበስ ስል ጭንቅላቷ ወደ ጎን ዘመም ስላለብኝ ደንግጬ ተውሁት። ጎረቤቶቼ ደግሞ ሕፃን እግሩን ከፍቶ ከታቀፈ እግሩ ይንሻፈፋል ይላሉ። ሁለት ልጅ አዝላችሁ የምታውቁ እንዴት እንዳደረጋችሁት ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ (የመንታ እናት)

ችግሩ ያለው በቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ የሚታዘለው ትልቁ፣ መጨረሻ የምትገባው ትንሿ ናት፤ ከማዘያው ሲወርዱ ግን ትንሿ ትቀድማለች። ትልቁን ለማዘል መጎንበስ ግድ ስለሆነ ደረት ላይ ሕፃን መኖር የለበትም።

ዕቃዎቹንም ቢለዋውጧቸው ይሻላል። በእኛ ቤት ያለው አንቀልባ ጠፍሩ የሚታሰረው ደረት ላይ ስለሆነ ከፊት ሕፃን ካለ መፈናፈኛ አይሰጥም። ባለ መቆለፊያው ለትልቁ በጀርባ ይሁን፤ ለሕፃኗ አምስት ሜትር ያህል የሚለጠጥ ጨርቅ ይግዙ። ባዶውን ጨርቅ ሰውነትዎ ላይ አስቀድመው ጠበቅ አድርገው ያስሩታል፣ በላዩ ትልቁን ያዝላሉ፣ ከዚያ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሕፃኗን ጨርቁ ውስጥ ያስገባሉ። የማዘያው ደረት ላይ የሚቆለፍ ቀጭን ማሰሪያ በጨርቁ ሥር አልፎ ከሕፃኗ ፊት በታች መቀመጥ አለበት፤ እኔን ብዙ ያስቸገረኝ እሱ ነበር። ለልምምድ በሕፃኗ ፋንታ አምስት ኪሎ ዱቄት ይጠቀሙ፤ ዱቄት አያለቅስም።

መልስ (አዋላጅ ነርስ)

ከሁሉ በፊት መተንፈሷን ይጠብቁ። ፊቷ ሁልጊዜ ሊታይዎት፣ ግንባሯን አንገትዎን ደፋ አድርገው ሊስሙት የሚችሉበት ከፍታ ላይ ሊሆን፣ በአገጯና በደረቷ መካከልም ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ሊኖር ይገባል። ዝናብ ቢመጣ ጋቢ ትከሻዎ ላይ እንጂ ፊቷ ላይ አይጣል።

የጎረቤቶችዎን ስጋት በተመለከተ፣ አራስ ሕፃን ሲወለድም እግሩ ጎበጥ ያለ ነው፣ ማዘያም አያንሻፍፈውም። እንዲያውም የዳሌን መገጣጠሚያ የሚጎዳው እግርን አጥብቆ ቀጥ አድርጎ መጠቅለል ነው። ጉልበቶቿ ከመቀመጫዋ ከፍ ብለው፣ ጨርቁም ከአንዱ ጉልበት እስከ ሌላው ድረስ ጭኗን ደግፎ ይያዝ። በዚህ ዕድሜ የሚሰጡት መርፌዎች ጭን ላይ ስለሚወጉ በመመለሻው የጨርቁ ጠርዝ የተወጋውን ቦታ እንዳይፈትግ ይመልከቱ።

በቀዶ ሕክምና ወልደው ከሆነ የወገብ ቀበቶው ጠባሳውን ሊጫን ስለሚችል ሐኪምዎን ሳያማክሩ 16 ኪሎ አይሸከሙ። ሽንት ካመለጠዎት ወይም ወደ ታች የሚጎትት ክብደት ከተሰማዎት ያቁሙ። መኪና ውስጥ ደግሞ ማዘያ የልጅ መቀመጫን እንደማይተካ ይወቁ።

መልስ (የልጅ ልጅ ያየች እናት)

ልጄ፣ እኔ አራት አሳድጌአለሁ፤ ነገር ግን ሁለቱን አዝለሽ ደረጃ ውረጂ አልልሽም። ደረትሽ ላይ ልጅ ካለ የእግርሽን ጫፍ አታዪም፤ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ደግሞ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። የ22 ወር ልጅ ጎረቤት እጁን ይዛለት በራሱ እግር ይውረድ፤ ከታች ስትደርሺ ሕፃኗን ለጎረቤትሽ አቀብለሽ መጀመሪያ እሱን እዘዪው። ስትመለሺ ግን ስለሚደክመው ሁለቱንም አዝለሽ ውጪ። ቦርሳሽን በጎን አንግቺው፤ አንድ እጅሽ ከደረጃው መደገፊያ እንዳይለይ።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጨርቁን ገዝቼ ሁለት ቀን በዱቄት ተለማመድሁ፤ ሐሙስ ዕለት እማማ እንዳሉት ትልቁን ጎረቤቴ አወረደችልኝ። ጤና ጣቢያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሕፃኗን ብቻ ሳወጣ ትልቁ በጀርባዬ እንዳለ ዝም ብሎ ይመለከት ነበር። ሲመለስ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንቅልፍ ወሰደውና እቤት ስገባ ሳልቀሰቅሰው ማውረድ አቃተኝ።

የመንታ እናት

መጀመሪያ ሕፃኗን አውጥተው አልጋው መሐል ያስተኟት። ከዚያ ጀርባዎን ለአልጋው ሰጥተው ጠርዙ ላይ ይቀመጡ፣ የትልቁ መቀመጫ ፍራሹን እስኪነካ ወደ ኋላ ጠጋ ይበሉ፤ የደረቱን ማሰሪያ፣ ቀጥሎ የወገቡን ይፍቱና በአንድ እጅ ጭንቅላቱን ደግፈው ከነማዘያው ያጋድሙት። ማዘያውን ከሥሩ አይጎትቱ፤ ሲነቃ ያነሡታል።