ግቢ ውስጥ ጥይት ቢገኝ የትምህርት ቤቱ መመሪያ ምን ማለት አለበት?

ኮሚቴ_ጸሐፊ፦

ለትምህርት ቤት የአደጋ ጊዜ መመሪያ እየተረቀቀ ነው። የእሳቱ ክፍል አልቋል። «ጥይት ወይም ሌላ ተተኳሽ ቢገኝ» የሚለው ላይ ግን ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሏል። ረቂቁ እንዲህ ይላል፦ «ጥይት ያገኘ ሰው ለጥበቃ ያስረክብ፤ ጥበቃው በላስቲክ ጠቅልሎ ለርዕሰ መምህሩ ያቅርብ፤ ርዕሰ መምህሩ ለፖሊስ ያስተላልፍ። ደውል ተደውሎ ተማሪዎች ወደ ሜዳ ይውጡ።» ለአንዲት ጥይት ይህ በዝቷል የሚሉ አሉ፣ አንሷል የሚሉም አሉ። ጥይቷን ማን ያንሳት? ተማሪው ግቢውን ለቅቆ ይውጣ ወይስ ክፍሉን ዘግቶ ይቀመጥ? ልጅ በኪሱ ይዞ ቢመጣስ? ለወላጅስ ምን ይባላል? ከአንድ ገጽ በላይ ማንም ስለማያነበው በአንድ ገጽ የሚያልቅ ነገር ነው የሚፈለገው።

አምካኝ፦

ረቂቁ ዕቃውን ከእጅ ወደ እጅ ሦስት ጊዜ ያዘዋውራል፤ ሰዉን ደግሞ ሳያጣራ ሜዳ ላይ ያወጣል። ይገልበጥ። ዕቃው ባለበት ይቆይ፣ የሚንቀሳቀሰው ሰው ይሁን።

መመሪያው መጀመሪያ ማስለየት ያለበት የተገኘው በጠመንጃ የሚተኮስ ጥይት ነው ወይስ በራሱ የሚፈነዳ ነገር የሚለውን ነው። ይህን ለመገመት መጠጋት አያስፈልግም፣ መጠኑ ብዙ ይናገራል። ባለ 9 ሚሊ ሜትር የሽጉጥ ጥይት ሙሉ ርዝመቱ 3 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። የክላሽ ጥይት 5.6 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ረዘም ያለው የጠመንጃና የመትረየስ ጥይት ደግሞ እስከ 7.7 ይሄዳል። ባለ 12.7 ሚሊ ሜትሩ የከባድ መትረየስ ጥይት ላይ ሲደረስ ርዝመቱ 14 እና 15 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ በዚህ መጠን አረሩ (ተወርዋሪው የፊት ክፍል) ራሱ ውስጡ የሚቀጣጠል ወይም የሚፈነዳ ነገር ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ድንበሩን 10 ሴንቲ ሜትር ላይ አስምሩት። ከዚያ የረዘመ፣ ክንፍ ያለው፣ ቀለበት ወይም ማንሻ ያለው፣ ሽቦ የወጣለት፣ ወይም ምንነቱ የማይታወቅ ዝገት የበላው ብረት ሁሉ እንደ ፈንጂ ይቆጠር። ያላወቁትን ከከባዱ ወገን መመደብ ነው።

በጫፉ ቀለም አትመኑ። አረንጓዴ ጫፍ በሶቪየት ሥሪት 7.62 ላይ ብርሃን እየተፋ የሚሄድ ጥይት ምልክት ነው፤ በኔቶ 5.56 ላይ ግን ጫፉ ብረት ያለው መደበኛ ጥይት ማለት ነው። ዝናብና አፈር ያጠበውን ቀለም ደግሞ ማንም አያነበውም።

ከመሣሪያ ውጭ ያለች ጥይት የምትጎዳበት መንገድ ከሚታሰበው ይለያል። ጥይት ማለት ቀለህ (የብረት ቀፎው)፣ ውስጡ ባሩድ፣ ከፊቱ አረር፣ ከኋላው ደግሞ ሲመታ የሚቀጣጠል ትንሽ ማቀጣጠያ ነው። ጠመንጃ ውስጥ ቀለሁ ዙሪያውን በብረት ስለተያዘ ግፊቱ የሚወጣው በአፈሙዝ ብቻ ነው። ከውጭ ግን የሚይዘው የለም፤ ሲቀጣጠል ቀለሁ ይቀደዳል፣ ስብርባሪው ይፈናጠራል፣ ከባዱ አረር ብዙም አይሄድም። ዓይንና ጣት የሚጠፋው በቀለሁ ስብርባሪ ነው። ጥይት ከእጅ ስለወደቀች መፈንዳቷ እምብዛም ነው። የሚያስነሷት መዶሻና ምስማር፣ መሰርሰሪያ እና እሳት ናቸው። ሐብል ወይም የቁልፍ መያዣ ሊሠራባት የሚቀጠቅጣት ልጅ አደጋ ላይ የሚወድቀው ለዚህ ነው። እሳቱን አብዛኛው መመሪያ ይረሳዋል፦ ልጅ ፈርቶ የደበቃት ጥይት ቆሻሻ ቅርጫት ትገባለች፣ ቅርጫቱ ማቃጠያ ጉድጓድ ይደፋል፣ ጉድጓዱ አጠገብ የጽዳት ሠራተኛ ቆማለች። ቆሻሻ የሚቃጠል ከሆነ ጥይት በተገኘበት ቀን እንዳይቃጠል መመሪያው ውስጥ አንድ መስመር ይግባ።

የከሸፈ ጥይትም ይጠቀስ። ማቀጣጠያው ላይ የመምቻ መርፌ ጠባሳ እያለ አረሩ ካልወጣ ተመትቶ ያልፈነዳ ነው፤ «ሞቷል» አይባልም።

የሚፈነዳው ዓይነት ሲሆን ያየው ሰው ባለበት ይቆማል፣ በመጣበት ዱካ ይመለሳል (አንድ ካለ ሌላም ሊኖር ይችላልና)፣ ሌላው እንዳይገባ ከርቀት ምልክት ያደርጋል። ከጠንካራ ግንብ ጀርባ ቢያንስ 100 ሜትር ራቁ። የሞርታር ስብርባሪ ከዚያ አልፎ ስለሚሄድ ይህ መነሻ ብቻ ነው፣ ቀሪውን ፈንጂ አምካኞቹ ሲደርሱ ይወስናሉ። ስልክና መገናኛ ሬዲዮ ከ15 ሜትር ባነሰ ርቀት አይነካካ። አሸዋ መድፋት፣ ውሃ ማፍሰስ፣ በቆርቆሮ መክደን የለም፤ ቆርቆሮው ራሱ ስብርባሪ ይሆናል።

ዝግጁነት_ክፍል፦

ከላይ ያለው ስለ ዕቃው ነው፣ እስማማለሁ። ርዕሰ መምህሩ ግን በመጀመሪያው ደቂቃ ሌላ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ ይህን ጥይት የሚተኩስ መሣሪያ አሁን ግቢ ውስጥ አለ ወይ? «እንውጣ ወይስ እንዝጋ» የሚለው መልስ ያለው እዚያ ነው።

አፈር የበላት፣ የጠቆረች፣ ከአትክልት ሥር ወይም ዝናብ ከሸረሸረው ቦይ የወጣች አንዲት ጥይት ስለ ትናንት ነው የምትናገረው። ዙሪያውን 20 ሜትር ያህል ዝጉ፣ አንድ አዋቂ አቁሙ፣ ፖሊስ ጥሩ፣ ትምህርቱ ይቀጥል። የምታብረቀርቅ ጥይት መጸዳጃ ቤት ወይም መማሪያ ክፍል ውስጥ ስትገኝ፣ ብዛት ሲኖራት፣ ከካዝና (ከመሣሪያ የጥይት መያዣ) ጋር ስትሆን፣ ወይም በዚያው ሰሞን የዛቻ ወሬ ካለ፣ ይህ ስለ ዛሬ ነው፤ በር ይቆለፋል፣ ሁሉም ባለበት ይቆያል፣ ፖሊስ በአስቸኳይ ቁጥር ይጠራል። ሦስተኛው ዓይነት ብዙ ጊዜ ይረሳል፦ ቀለህ የሌለው አረር ብቻውን ጣሪያ ላይ ወይም ሜዳ ላይ ከተገኘ ከሌላ ቦታ ተተኩሶ የመጣ ነው። ወደ ሰማይ የተተኮሰ የጠመንጃ አረር ሲመለስ በሰከንድ ወደ 90 ሜትር ሊጓዝ ይችላል፤ ቆዳ ለመብሳት ይበቃል። ልጆቹ ከሜዳ ወደ ኮንክሪት ጣሪያ ሥር ይግቡ፣ ከመስኮት ይራቁ፣ የተበሳ ጣሪያ ካለ ቀዳዳው ሳይደፈን ለፖሊስ ይታይ። ከየት አቅጣጫ እንደመጣ የሚናገረው ቀዳዳው ነው።

ደውሉ ላይ አጥብቄ እቃወማለሁ። የእሳት ደውል ሲደወል ልጅ ሁሉ በለመደው መንገድ ወደ ለመደው መሰብሰቢያ ይሮጣል። የሚፈነዳው ነገር የተገኘው በዚያ መንገድ ላይ ቢሆንስ? መሣሪያ የያዘ ሰው ካለ ደግሞ ሁሉን ሰብስቦ ሜዳ ላይ ማቆም ነው። ለመውጣትና ለመዝጋት የተለያየ ምልክት ይኑር፤ ከተቻለ ድምፅ ማጉያ ላይ በግልጽ ቋንቋ ይነገር፦ «ሁሉም ክፍል በሩን ቆልፎ ይቆይ፣ ሜዳ ላይ ያለ ወደ ቅርብ ክፍል ይግባ።» እንደ «ኮድ ቀይ» ያለው የምስጢር ቃል በተግባር አይሠራም፤ ምትክ መምህሩም ወጥ ቤት ያለችውም አያውቁትም። መውጣት ግድ ከሆነ መጀመሪያ አንድ ሰው መንገዱንና መሰብሰቢያውን በዓይኑ አይቶ ያረጋግጥ፣ ከዚያ ከዕቃው በሚያርቀው በር በየክፍሉ ይውጣ። ሁለተኛ መሰብሰቢያ ከግቢው ውጭ ቀድሞ ይመረጥ።

ጥይት ከተገኘ በኋላ ተማሪ አሰልፎ ግቢውን ማስፈተሽም ይከልከል። ይህ ከአንድ ቦታ በላይ «ተጨማሪ ካለ እንይ» እየተባለ የሚደረግ ነገር ነው።

ሩቅ_ገጠር፦

ጥሩ ነው፤ ፖሊስ ለመድረስ ግማሽ ቀን የሚፈጅበት ቦታስ? ለአንዲት የክላሽ ጥይት ልጆቹ ያን ያህል ሰዓት ሲከበቧት ይዋሉ? የቀድሞ ወታደር የሆነ ጥበቃ ቢያነሳት ምን ይጎዳል? ብዙ ጊዜ ከመምህሩ ይልቅ የሚያውቀው እሱ ነው።

አምካኝ፦

ማወቁ አይካድም። ችግሩ ሦስት ቦታ ነው። ጥይት መያዝ በብዙ አገር ሕግ ያስጠይቃል፣ ያነሳት ሰው «የማን ናት» ሲባል መልሱ ይከብደዋል። አሻራ ካለም የሱ ይደረብበታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጆቹ ያዩታል፤ ዛሬ ጥበቃው ጥይት ሲያነሳ ያየ ልጅ ነገ የእጅ ቦምብ ያነሳል።

ፖሊስ እስኪደርስ ለመጠበቅ ባዶ ባልዲ ሳይነኳት ገልብጦ መክደን ይቻላል፣ በእግር እንዳትመታ። ይህ ለትንሿ ጥይት ብቻ ነው፣ ከላይ ለፈንጂው ካልኩት ጋር እንዳይምታታ። ፖሊስ ራሱ በስልክ «አንሷት» ካለ ያዘዘው ሰው ስምና ሰዓቱ ይጻፍ፣ ከዚያ አንድ አዋቂ ብቻ ጓንት አድርጎ የቀለሁን ጎን ይዞ ያንሳት፤ ጫፏንና ቂጧን አይንካ። በላስቲክ አትጠቅልሏት። እርጥበት ይታመቅና አሻራውን ያበላሻል፤ የወረቀት ፖስታ ወይም ትንሽ ካርቶን ይሻላል። ኪስ ውስጥ ከቁልፍ ጋር፣ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ፣ መሳቢያ ውስጥ ከላይተር ጋር አትቀመጥም። ያበጠች፣ የተሰነጠቀች ወይም በአረንጓዴ ዝገት የተሸፈነች ከሆነች ግን ፖሊስ ቢልም አታንሱ፤ ሁኔታዋን ንገሩትና ይምጣ።

ተማሪዎች_አማካሪ፦

ልጅ ይዞ የመጣበትን ጉዳይ ማንም አልመለሰውም። መምህር በድንጋጤ ከአፉ የሚወጣው «ወደዚህ አምጣ» ወይም «የት እንዳገኘህ መልሰህ ጣል» ነው፤ ሁለቱም ዕቃውን ያስጉዙታል። ሁለተኛው ይብሳል፣ ልጁን ብቻውን ወደ አደጋው ይልከዋል። የሚባለው «ቀስ ብለህ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣትና ከእኔ ጋር ና» ነው፤ ከዚያ ክፍሉ ሁሉ ይወጣል፣ በሩ ይዘጋል፣ ጥይቷ እዚያው ትቀራለች። የያዘው የእጅ ቦምብ የሚመስል ከሆነ ጠረጴዛ ፍለጋ አይሄድም፤ በቆመበት መሬት ላይ ቀስ አድርጎ ያስቀምጥ። አይወርውር፣ ለመምህሩም አያቀብል።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ጥቂት ነው፦ የት አገኘህ፣ ሌላም ነበር ወይ፣ ማን ነካው። ቦታውን በእግሩ ሄዶ አያሳይ፣ በግቢው ንድፍ ላይ በእርሳስ ያመልክት። ስሙ በክፍል ውስጥ አይነሳ። ከዚያ እጁን በሳሙናና በውሃ ይታጠብ፤ ማቀጣጠያውም አረሩም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርባቸው ይችላል፣ የእጅ ማጽጃ አልኮል ደግሞ እርሳስን አያስወግድም። ፖሊስ ተኩስ ተተኩሷል ብሎ ከጠረጠረ ግን ከመታጠቡ በፊት ፖሊስን ጠይቁ።

ቅጣቱ ላይ ኮሚቴው ብዙ ይከራከራል ብዬ እገምታለሁ። አግኝቶ የተናገረ ልጅ አይቀጣም፣ ዘግይቶ የተናገረም ቢሆን። ይህ በመመሪያው በግልጽ ካልተጻፈ ልጁ በመጸዳጃ ቤት ጉድጓድ ይጥላታል፣ ወይም አምካኝ ወዳለው ማቃጠያ ትሄዳለች። ለማስፈራራት ይዞ የመጣ ልጅ ጉዳይ ሌላ ነው፣ ወላጅና ፖሊስ ባሉበት ይታያል፤ ሁለቱን በአንድ አንቀጽ አታድርጓቸው።

ለወላጅ የሚሄደው መልእክት አጭር ይሁን፣ በዚያው ሰዓት ይሂድ፤ ልጆቹ ስልክ ካላቸው ወሬው ይቀድማችኋል። ለምሳሌ፦ «ዛሬ ጠዋት በግቢያችን አንድ ጥይት ተገኝታለች። የተጎዳ የለም። ቦታው ተዘግቷል፣ ፖሊስ ተጠርቷል፣ ትምህርት አልተቋረጠም። ልጅዎ ተመሳሳይ ነገር ካየ እንዳይነካና ለአዋቂ እንዲናገር ይንገሩልን። ቀጣዩን መልእክት ከቀኑ 9 ሰዓት እንልካለን።» ሰዓት ከጠቀሳችሁ በሰዓቱ ላኩ፣ አዲስ ነገር ባይኖርም። ፎቶ አይያያዝም፤ የተገኘበት ትክክለኛ ቦታም አይጠቀስም፣ ማታውኑ ለማየት የሚሄድ አይጠፋም።

ኮሚቴ_ጸሐፊ፦

ረቂቁ ሊገለበጥ ነው። አንድ የቀረ ነገር፦ ግቢው ውስጥ አዲስ ሕንጻ እየተሠራ ነው። የግንባታው ቦታ ላይ የሚታዩት ትንንሽ የናስ ነገሮች፣ አንዳንዶቹ በላስቲክ ሰንሰለት 10 10 ሆነው የተደረደሩ፣ ጫፋቸው ቢጫና ቀይ የተቀባ፣ ጥይት ናቸው?

አምካኝ፦

ኮንክሪት ላይ ምስማር የሚተኩስ መሣሪያ ጉርሻዎች ይመስላሉ። አረር የላቸውም፣ ባሩድና ማቀጣጠያ ግን አላቸው፤ ቀለሙ የጉልበታቸው መጠን ነው። ያልተተኮሰው በመዶሻ ሲመታ ይፈነዳል፣ በተለይ ማቀጣጠያው ጠርዙ ውስጥ ስለሆነ ዳር ዳሩን መምታት ይበቃዋል። ሥራ ተቋራጩ በየቀኑ ያስገባውን፣ የተኮሰውንና የከሸፈበትን ቆጥሮ እንዲያስረክብ ውሉ ላይ ይጻፍ፤ ከልጆቹ እጅ የሚገባው ብዙውን ጊዜ ሠራተኛው መሬት ላይ የጣለው የከሸፈ ነው። የ10 ሴንቲ ሜትሩን ድንበር ስትጽፉም አንድ ነገር ጨምሩ፦ የላስቲክ ገላና የናስ ቂጥ ያለው የአደን ጠመንጃ ጥይት ወፍራም ቢሆንም ከትንሿ ጥይት ወገን ነው።

ዝግጁነት_ክፍል፦

ግንባታው መሠረት የሚቆፍር ከሆነ፣ ቦታውም ቀድሞ ካምፕ ወይም ምሽግ ከነበረ፣ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት በአምካኞች ተፈትሾ የጽሑፍ ማረጋገጫ ይጠየቅ። ማረጋገጫው የተፈተሸውን ጥልቀት በሜትር ካልጠቀሰ መልሱላቸው፤ ለአንድ ሜትር የተፈተሸ ቦታ ላይ 3 ሜትር የሚቆፈር ከሆነ ወረቀቱ ለቀሪው 2 ሜትር ምንም አይልም።