የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ልጆችን ለተፈጥሮ ትምህርት የት ልውሰዳቸው? (ዳንግላ አካባቢ)

መምህር ከዳንግላ

ሰላም ቤተሰብ። ሳይንስ አስተምራለሁ፣ የአካባቢ ጥበቃ ክበቡም እኔው ላይ ነው። የክበቡ ሥራ እስካሁን በሰልፍ ሰዓት ግጥም ማንበብና በዓመት አንድ ቀን ችግኝ መትከል ነው። ዘንድሮ ልጆቹን ከክፍል ላወጣቸው አስቤአለሁ። 60 ይሆናሉ። ርዕሰ መምህራችን ባሕር ዳር ይሂዱ፣ ጣናንና ጢስ ዓባይን ይዩ ይላሉ። እኔ ደግሞ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደን፣ ፎቶ ተነስተን፣ ለስላሳ ጠጥተን እንዳንመለስ እሰጋለሁ። ብሩ የሚወጣው ከወላጅ ኪስ ነው። የሞከራችሁት ካለ ንገሩኝ፦ የት ይሻላል? መቼ? ልጆቹስ እዚያ ደርሰው ምን ይሥሩ? «ተፈጥሮን ያድንቁ» ብቻ እንዳትሉኝ።

ጣና ዳር

ወንድሜ፣ ጢስ ዓባይን በጥር ካሰባችሁት ይቅርባችሁ። ውሃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ ፏፏቴው ይሳሳል። ደምቆ የሚታየው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው።

ጣና ካላችሁ ግን ወደ ሐይቁ ገባ ያለው ዘጌ ውሰዳቸው፣ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። እዚያ ስትደርሱ ማስረዳቱን ተወውና አንድ ጥያቄ ጠይቃቸው፤ ዙሪያው ሁሉ ታርሶ ዘጌ ለምን ደን ሆኖ ቀረ? በድሮው ሥርዓት እዚያ በሬ አይገባም፣ አይታረስም፣ ሰዉ የሚኖረው ከዛፍ ጥላ ሥር በሚያበቅለው ቡና ነው። ይህን ከባለአገሩ አፍ ቢሰሙት ከአንተ ይልቅ ያምኑታል።

ለእያንዳንዱ ልጅ የሕይወት አድን ጃኬት ከሌለ እንዳታሳፍር። ባለጀልባው «ዛሬ ውሃው ጸጥ ብሏል» ይልሃል፣ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ግን ሌላ ነው። ደግሞ ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አይገባም፣ ሴቶቹ ልጆች ጀልባ ላይ ተቀምጠው እንዳይጠብቋችሁ። የዘጌው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ለሁሉም ክፍት ነው።

የሦስት ልጆች እናት

መምህር፣ እንደ ወላጅ ልናገር። የመካከለኛው ልጄ በትምህርት ቤት ጉዞ ሄዶ ሲመለስ ምን አየህ ብለው «ሎጅ» አለኝ። ሎጅ! ለዚያ ነው የከፈልኩት። የጓደኛው እናት መክፈል ስላልቻለች ልጁ ቤት ቀርቶ ነበር፣ በማግስቱ ክፍል ውስጥ ሁሉም ስለ ጉዞው ሲያወራ እሱ አንገቱን ደፍቶ ዋለ አሉ። እባክዎ ሁሉም ልጅ የሚሄድበትን ይምረጡ። ቅርብ ቢሆንም ቅር አይለንም።

ዝግባ

እኅታችን ልክ ናት። መምህር፣ እኔ ደን ነው የተማርኩት። አንተ ያለህበት አካባቢ ለትምህርት ከባሕር ዳር ይሻላል ብልህ ትስቅ ይሆናል።

በእግር የምትደርሱበት አንድ ያረጀ ቤተ ክርስቲያን ፈልግ፣ ደኑ ያልተነካ። ከዚያ አንድ የደከረንስ፣ ያ ለከሰል የሚተከለው ዛፍ፣ ማሳ። ከዚያ አንድ የግጦሽ ሜዳ። ሦስቱም ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ሥራ ይሥሩ። 20 ሜትር ገመድና አራት ችካል ትይዛለህ፣ በየጎኑ 5 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ትዘረጋለህ። ልጆቹ ገመዱ ውስጥ ስንት ዓይነት ተክል እንዳለ ይቁጠሩ። ስሙን ማወቅ የለባቸውም፣ ቅጠሉን ሥለው ራሳቸው ስም ያውጡለት፦ «ጥርሳም»፣ «ጸጉራም»፣ «የሚሸተው»። በኋላ አንድ ሽማግሌ ወይም ቄሱ ትክክለኛውን ስም ይነግሯቸዋል፤ ይሄ ጥቁር እንጨት ነው፣ ይሄ ብሳና ነው፣ ይሄ ዋንዛ ነው እያሉ። ከዚያ የወደቀውን ቅጠል በእጃቸው ገልጠው አፈሩን ይጨብጡ። ከዛፉ ሥር ያለው ጥቁር ነው፣ እርጥብ ነው፣ ትል ይርመሰመስበታል። የሜዳው በጥፍር አይፋቅም።

ዋናው ጥያቄ የሚመጣው የቤተ ክርስቲያኑን ደን ያጠረው የድንጋይ ካብ ጋ ነው። ከካቡ ውስጥ ትንንሽ የወይራና የዋንዛ ችግኝ በራሱ በቅሎ ታገኛላችሁ፣ ከካቡ ውጭ ደግሞ ዘሩ ወድቆም ምንም የለም። ለምን? ዝም ብለህ ጠብቅ። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ካለ መልሱን ከሁሉም ቀድሞ ያመጣዋል።

ፈቃዱን ቀደም ብለህ ከደብሩ አስተዳዳሪና ከሰበካ ጉባኤው ጠይቅ። ሙስሊም ወይም የሌላ እምነት ልጆች ካሉ ሥራው ደኑ ውስጥ እንጂ ቤተ መቅደሱ ውስጥ እንዳልሆነ ለወላጆቻቸው በደብዳቤ ግለጽ። ቅርንጫፍ መቁረጥ ክልክል ነው፣ የወደቀውን ብቻ ያንሱ።

የፋግታ ገበሬ

ዝግባ ደከረንሱን አሁን ልታጥላላው ነው አይደል? እኛ በሱ ነው ቆርቆሮ የመታነው። በመጀመሪያው ዓመት በመሐሉ ጤፍ እንዘራለን፣ ቀጥሎ ሣሩ ለከብት ይታጨዳል፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል። ያረጀ መሬት መልሶ የሚያበላን እሱ ነው። ልጆቹ ግማሾቹ የከሰል ልጆች ናቸው፣ የአባታቸውን ሥራ እንዲንቁ አታድርጓቸው።

ዝግባ

ጋሼ፣ አላጥላላሁም። አፈር ውስጥ ናይትሮጅን የሚጨምር ዛፍ ነው፣ ጥቅሙን አውቃለሁ። ቆጥረው ልዩነቱን ራሳቸው ይዩት ነው ያልኩት። ግን በቅርብ ዓመታት በሽታ ሲመታው አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ መትከል ምን እንደሚያመጣ እርስዎ ከእኔ የበለጠ አይተዋል። እንዲያውም እርስዎን የመሰለ ሰው ማሳው ላይ ቆሞ ቢያስረዳቸው ጥሩ ነበር።

የፋግታ ገበሬ

ከጠሩኝ እመጣለሁ። ቅዳሜ አይሁን እንጂ፣ ገበያ ነው።

ቾቄ

እኔ ደግሞ ቢያንስ ዘንገናን አትዝለሉት እላለሁ። ከእንጅባራ አልፎ መንገድ ዳር ነው፣ ሚኒባስ ይበቃችኋል። በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ክብ ሐይቅ ነው። ግን ዳርቻው ወዲያው ይጠልቃል፣ መሐሉ ከ150 ሜትር በላይ ነው፣ ስለዚህ እግር ማስነካት የሚባል ነገር የለም። የቾቄን ተራራ ለ5ኛ ክፍል አልመክርም፤ ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ብርዱ አይቻልም። ከፍ ያለ ክፍል ሲደርሱ እዚያ ወስደው ጅባራ የምትባለውን ተክል ያሳይዋቸው፣ ዓመታት ቆይታ አንድ ጊዜ ብቻ አብባ ዘሯን በትና የምትሞተውን። ግሽ ዓባይ ደግሞ ጸበሉ ጋ ሳይበሉ ነው የሚቀረበው፣ ከሩቅ የመጣ የተራበ ልጅ ይዞ አይሆንም።

መምህር ከዳንግላ

ገመዱን ወደድኩት። አንድ ጥያቄ፣ አጠገባችን ወንዝ አለ። ድንጋይ እየገለበጡ ነፍሳት ቢፈልጉስ? ንጹሕ ውሃና ቆሻሻ ውሃ በነፍሳቱ ይለያል ሲባል ሰምቻለሁ።

ከጤና ጣቢያ

ይለያል፣ ግን ልጆቹን ውሃ ውስጥ አታስገባ። ቢልሃርዚያ ጣና ዙሪያና ብዙ ወንዞቻችን ውስጥ አለ፣ በባዶ እግር ሲገቡ በቆዳ ነው የሚገባው። አንድ ትልቅ ሰው ቦት ጫማና ጓንት አድርጎ ድንጋዩንና ውሃውን በነጭ ሳህን ያውጣላቸው፣ እነሱ ዳር ላይ ሆነው በዓይን ብቻ ይዩ። ከኋላው ሦስት ክር የመሰለ ጭራ ያለው ጠፍጣፋ እጭ ካዩ ውሃው ብዙ ቆሻሻ አልገባበትም ማለት ነው። ቀያይ ትል ብቻ ከሞላው ደግሞ ከላይ የሚገባበት ቆሻሻ አለ፣ ተከትላችሁ ከየት እንደመጣ ፈልጉ። እጃቸውን በሳሙና ሳይታጠቡ ቆሎ እንዳያወጡ።

ዝግባ

ወንዙ ካልሆነ ሃይላንድ አለልህ። ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ በጎኑ ቅደድ፣ አንዱ ውስጥ ከነሥሩ የተነሳ ሣር ከነአፈሩ፣ ሌላው ውስጥ ባዶ አፈር ብቻ አድርግ። አፋቸውን ዝቅ አድርገህ አስተኛቸውና እኩል ውሃ አፍስስባቸው። ከሣሩ የሚወጣው ሻይ መስሎ ይንጠባጠባል፣ ከባዶው ደም የመሰለ ጭቃ ይወርዳል። ክፍል ውስጥም ይሆናል፣ ወጪውም ሁለት ባዶ ጠርሙስ ነው። ከዚያ ወደ ቦረቦሩ ውሰዳቸው።

ስለ ችግኙም ልበልህ። ተከላው ሐምሌ ነው፣ ያኔ ትምህርት ዝግ ነው፣ በበጋ ማን ያጠጣዋል? ከ60 ልጅ 60 ችግኝ ከምታስተክል እያንዳንዱ ቡድን አንድ ችግኝ ይያዝና በየወሩ ቁመቱን ይለካ።

መምህር ከዳንግላ

ጥሩ። ርዕሰ መምህሩን ላናግር ነው፦ ኅዳር ላይ፣ በእግር፣ ያለ ክፍያ፣ በስድስት ቡድን፣ ለአሥር ልጅ አንድ ትልቅ ሰው። ዘጌ ለ8ኛ ክፍል ይቆይ። ገመድ 120 ሜትር መግዛት አለብኝ ማለት ነው?

የሦስት ልጆች እናት

አይግዙ። ልጆቹ ከየቤታቸው ገመድ ይዘው ይምጡ፣ የአህያም የጭነትም ይሆናል። ከትልልቅ ሰዎቹ አንዷ እኔ ነኝ፣ ቀኑን ብቻ ንገሩኝ።