የጋራ ፕሮፖዛል፦ ሙቀት የሚችሉ ኮራሎች

ሰብሳቢ፦ ረቂቁ ዓርብ ይዘጋል። ዓላማው ያው ነው፤ ከአንድ ኮሎኒ (አብሮ ያደገ የኮራል ስብስብ) የኮራሉንም በውስጡ የሚኖረውን የአልጌውንም ጂኖም (ሙሉ የዘረመል መረጃ) አንብቦ ሙቀት የሚችለውን ጥምረት መለየት። በጀቱን እዩት።

የዘረመል ቡድን፦ የናሙናው ብዛት እንዳይነካ። ዱሩስዲኒየም የተባለውን አልጌ የያዘ ኮራል ከ1 እስከ 1.5 ዲግሪ ተጨማሪ ሙቀት ሊችል ይችላል፣ እድገቱ ግን ይንቀረፈፋል። ኮራሉም የራሱ ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው፣ አክሮፖራ ሚሌፖራ በተባለ የኮራል ዝርያ ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው መንጣትን (ኮራል በሙቀት አልጌውን አጥቶ ነጭ መሆኑን) የሚወስነው አንድ ጂን ሳይሆን የብዙ ጂኖች ትንንሽ ድርሻ ነው። በጥቂት ናሙና ይህ አይታይም።

ጠላቂዎች፦ መጀመሪያ የቱቦው ምልክት ይስተካከል። ባለፈው ዙር በማርከር የተጻፈው ቁጥር ኤታኖል ሲነካው ሟሟ፤ የየትኛው ኮሎኒ እንደሆነ ያልታወቀ ናሙና ጣልን። በእርሳስ የተጻፈ ወረቀት ቱቦው ውስጥ ይግባ።

ናሙና ክፍል፦ ወረቀት አላስገባም። የባርኮድ ተለጣፊ አለ።

ጠላቂዎች፦ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይላቀቃል።

ናሙና ክፍል፦ እርጥብ ቱቦ ላይ ስለምትለጥፉት ነው! ከመውጣታችሁ በፊት ደረቁ ላይ ለጥፉ ተብሏል።

ጠላቂዎች፦ ጀልባ ላይ ማን ደረቅ እጅ አለው? ውሃ ውስጥ የምንገባው እኛ፣ ስማችን ከረቂቁ መጨረሻ፣ ጥፋቱ ግን የእኛ። ስማችን ወደ ላይ ካልወጣ አንጠልቅም።

የዘረመል ቡድን፦ ስለ ተለጣፊ ስንት ቀን እንነጋገራለን? ለዲኤንኤ ኤታኖል ይበቃል። ወዲያው መቀዝቀዝ ያለበት አርኤንኤ (የትኛው ጂን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየው ሞለኪውል) ነው።

ናሙና ክፍል፦ ወረቀትም ተለጣፊም ይሁን፣ በቃ። ግን አርኤንኤ ካለ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ያስፈልጋል፤ ያለን ሞልቷል።

ጠላቂዎች፦ ስማችንስ?

ሰብሳቢ፦ ሁለተኛ ሆኗል። የሳይቴስ (ለአደጋ የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነት) ፈቃድ ማን ያዘ? ድንጋያማ ኮራል በስምምነቱ አባሪ 2 ዝርዝር ላይ ነው፤ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም። እኔ እጨርሰዋለሁ ያለው አባል ስልክ አያነሳም።

ገንዘብ ያዥ፦ ፍሪዘሩ ከገባ የሁለቱም ጂኖም ንባብ አይቻልም። የአልጌው ለሁለተኛ ዙር ይቆይ።

የዘረመል ቡድን፦ ኮራሉ ምግቡን በብዛት የሚያገኘው ከአልጌው ነው፤ የሚነጣውም አልጌውን ሲያጣ ነው። አልጌውን አውጥታችሁ ስለ ጥምረት ምን ልትጽፉ ነው?

ገንዘብ ያዥ፦ ለናሙና ማከማቻ ብለን እንጠይቅ። ናሙናው ካለ ንባቡ በኋላም ይደርሳል።

ናሙና ክፍል፦ እደግፋለሁ።

ጠላቂዎች፦ እኛም፣ ወረቀቱ ከተጻፈ።

የዘረመል ቡድን፦ እኛ አልተስማማንም። ቢያንስ የአልጌው ዓይነት የሚለይበት አጭር ንባብ ይግባ፤ ዋጋው ከሙሉ ጂኖም በጣም ያንሳል።

ሰብሳቢ፦ ርእሱን «የኮራል ናሙና ማከማቻ» ብዬ ቀይሬዋለሁ። አጭሩን ንባብ ገንዘብ ያዥ እስከ ነገ ያስላ። ፈቃዱን የሚይዝ ሰው አሁንም የለም።