ሊኑክስ የሬዲዮ መቀበያዬን ለቴሌቪዥን ሾፌር እየሰጠብኝ ተቸግሬአለሁ

ጤና ይስጥልኝ። በሶፍትዌር ስለሚሠሩ የሬዲዮ መቀበያዎችና ስለ ሊኑክስ የምታውቁ ሁሉ እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አውሮፕላኖች በ1090 ሜጋኸርዝ የሚያስተላልፉትን የቦታና የከፍታ መረጃ ለመቀበል፣ በአርቲኤል2832ዩ ቺፕ የሚሠራ ትንሽ የዩኤስቢ መቀበያ ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ከተጫነበት ላፕቶፕ ጋር አገናኝቻለሁ። ቺፑ በመጀመሪያ የተሠራው ለዲጂታል ቴሌቪዥን ስለሆነ፣ መቀበያው በተሰካ ቁጥር ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) የቴሌቪዥኑን ሾፌር፣ ማለትም መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም፣ በራሱ ይጭናል፤ በዚህም ምክንያት የሬዲዮው ፕሮግራም መሣሪያውን መያዝ አልቻልኩም የሚል መልእክት ሰጥቶ ይቆማል። ሾፌሩን በተርሚናል ትእዛዝ ሳስወጣው ግን መቀበያው ያለ እንከን ይሠራል፤ ስለዚህ አንቴናውም ሆነ ገመዱ ችግር እንደሌለበት እርግጠኛ ነኝ።

የሚያስቸግረኝ ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሳ ሾፌሩ ተመልሶ መምጣቱ ነው። የሾፌሩን ስም የሞድፕሮብ (ሾፌሮችን የሚጭነው ትእዛዝ) ማገጃ ፋይሎች በሚቀመጡበት ማውጫ ውስጥ በአዲስ ፋይል ጽፌ አስቀምጫለሁ፤ ሆኖም ለውጥ አላየሁም። የፋይሉ ስም የግድ በ«ነጥብ ኮንፍ» መጨረስ አለበት? ወይስ ሲስተሙ ሲነሳ የሚጠቀምበትን ኢኒትራምኤፍኤስ የተባለ የፋይሎች ጥቅል እንደገና ማዘጋጀት ያስፈልጋል?

ከዚህም ሌላ ፕሮግራሙ የሚሠራልኝ በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) ብቻ ነው። ከኢንተርኔት የወረደን ፕሮግራም ሁልጊዜ በሙሉ ሥልጣን ማስኬድ አደገኛ ነው ብዬ ስለማምን፣ ለተራ ተጠቃሚ መሣሪያውን የሚፈቅደው የዩዴቭ (የተሰኩ መሣሪያዎችን የሚያስተዳድረው የሊኑክስ ክፍል) ደንብ እንዴት እንደሚጻፍና የት እንደሚቀመጥ ብታስረዱኝ እጅግ አመሰግናለሁ። እባካችሁ ትእዛዙን ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን ክፍል ትርጉም ጨምሩልኝ።